የጥብስ ቅጠሉ ለምን ይደርቃል? የጓሮ ቅመም ችግርና መፍትሄ

የጥብስ ቅጠሉ ከታች ቢጫ እየሆነ ይደርቃል

በለገጣፎ፣ በገላንና በአቃቂ ዙሪያ ባለው ጥቁር ዋልካ ላይ፣ በክረምት የሚሞት የጥብስ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ውሃ ውስጥ ታፍኖ ነው። ሲጠወልግ የጠማው ስለሚመስል ሰው ውሃ ይጨምርበታል፤ ያኔ ያልቅለታል።

ከጎን ቆፈር አድርገው አንዱን ቀጭን ሥር ሳብ ያድርጉ። ልጣጩ ተንሸራቶ ወልቆ እንደ ክር ያለ ነገር ብቻ ከቀረ፣ ከጠቆረና ከሸተተ በስብሷል። ነጣ ያለና ጠንካራ ከሆነ ሥሩ ደህና ነው። መሬቱንም ይፈትኑ፦ 30 ሳንቲሜትር ቆፍረው ውሃ ይሙሉ፣ ሲሰርግ ድጋሚ ይሙሉ። 4 ሰዓት ያህል ቆይቶም ውሃው ካለ ቦታው ለጥብስ ቅጠል አይሆንም።

ዋልካ ላይ ጥቂት አሸዋ መበተን ትርፉ ድካም ነው፤ ጭቃው ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርተው 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ ደቃቅ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይቀላቅሉ። ቦታ ከሌለ ታቹ 8 ቦታ የተበሳ ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ይበቃል። ከሥሩ ግማሽ በላይ ከበሰበሰ ተክሉን ለማዳን አይልፉ፤ ገና አረንጓዴ ከሆነው ጫፍ 12 ሳንቲሜትር ቆርጠው የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፈው ጥላ ስር እርጥብ አሸዋ ላይ ይትከሉ። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሥር ያወጣል። ከዚያ በኋላ ውሃ የሚጠጣው ጣትዎን ሲሰዱ ላዩ 5 ሳንቲሜትር ሲደርቅ ብቻ ነው።

ጦስኝና ጤና አዳምም እንዲሁ ናቸው። (ጤና አዳም ሲቆርጡ ጓንት ያድርጉ፤ ጭማቂው ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቆስላል።)

በሶብላው ጠዋት የተቀቀለ መስሎ ጠቁሯል

ውርጭ ነው፤ በሱሉልታ በኩል በኅዳርና በታኅሣሥ የተለመደ ነው። ማታ በችካል ላይ ጆንያ ያልብሱት፣ ጆንያው ቅጠሉን እንዳይነካ። ፀሐይ ስትወጣ ይግለጡት።

ቅጠሉ ጀርባ ላይ ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) አለ፣ ይጣበቃል

በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ወደ ማታ ጀርባውን ይርጩ፤ ከ5 ቀን በኋላ ይድገሙ። ከመብላትዎ በፊት በደንብ ይጠቡት።

ድንብላሉ ቅጠሉ ሳይበዛ አበበ

ወይ ችግኙ ተነቅሎ ተዛውሯል፣ ወይ የበጋው ሙቀትና ጥም አስቸኩሎታል። ፍሬውን በመዳፍ አሽተው ለሁለት ከከፈሉ በኋላ አንድ ሌሊት ዘፍዝፈው እዚያው በሚያድግበት ቦታ 1 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይዝሩ፤ በየ3 ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ። ያበበውን አይንቀሉት፣ ፍሬው ቡናማ ሲሆን ለበርበሬ ይገባል።