የማንጎ አይስክሬሜ ለምን ድንጋይ እንደሚሆን ገባኝ

የሚያዝያ ሙቀት አራት ኪሎ ላይ ሲያስጨንቀን ለልጆቹ ባለ እንጨት አይስክሬም ልስራ ብዬ ሁለቴ አበላሸሁት፣ ድንጋይ ይሆናል፣ ሲመጡት ደግሞ ጣዕሙ ያልቅና ነጭ በረዶ ብቻ እንጨቱ ላይ ይቀራል። ለካ ማንጎው እንዲበረክት ብዬ ውሃ አብዝቼ ስኳሩን ቀንሼ ነው። ስኳር እኮ ለማጣፈጥ ብቻ አይደለም፣ ውሃው ድርቅ ብሎ እንዳይረጋም ያደርጋል።

አሁን 3 ማንጎ፣ 1 በጣም የበሰለ ሙዝ፣ በትንሽ ፈላ ውሃ የሟሟ 3 ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ሎሚ፣ ከዛ ሌላ ውሃ ጠብ አላደርግም። እንጨቱን መጀመሪያ ስሰካው ይጋደምብኝ ነበር፣ ትንሽ ጠጠር ሲል ነው መሰካት። ማታ አስገባዋለሁ ፍሪጁን የሚከፍት ስለሌለ (መብራት ካልሄደ ነው እንግዲህ)፣ ጠዋት ኩባያውን ለብ ያለ ውሃ ሲነካው ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ጥሬ አናናስ በወተት ግን እንዳትሞክሩ፣ ይመራል።