ጅማ ላይ የሮክ ሱፐርግሩፕ ክርክር ማዘጋጀት፦ በኦዲዮስሌቭ መጀመር

የሮክ አድናቂዎች ስለ አንድ ሱፐርግሩፕ (ከሌሎች ታዋቂ ቡድኖች የመጡ ሙዚቀኞች ስለሚመሠርቱት ቡድን) ሲከራከሩ ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥያቄ በአንድ ላይ ስለሚጠየቅ ነው። «የቡድኑ ሙዚቃ ምኑ ይጥማል?» የሚለው በጆሮ የሚመለስ ነው። «ወደፊትስ ምን ይሆናሉ?» የሚለው ግን የሚመለሰው በቀን መቁጠሪያና በውል ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ «ድምፁ ልቤን ይነካዋል፣ ስለዚህ መመለሳቸው አይቀርም» የሚል ሙግት ይመጣል። እሱን ደግሞ ማንም ሊረታው አይችልም። ከዚህ በታች ያለው አዘገጃጀት ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቶ ለማስኬድ የታሰበ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ኦዲዮስሌቭን ምረጡ። ታሪኩ መነሻም መድረሻም አለው፣ አልበሞቹም ሦስት ብቻ ስለሆኑ ማንም በአንድ ሳምንት ሰምቶ ሊጨርሳቸው ይችላል። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ያዙ። የሮክ ቡድኑ ሳውንድጋርደን በ1997 ተበተነ። በ2000 ደግሞ ድምፃዊው ዛክ ዴ ላ ሮቻ ከሌላው የሮክ ቡድን ከሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን (ባጭሩ ሬጅ) ወጣ። ድምፃዊ ያጡት ሦስቱ፣ ማለትም ጊታሪስቱ ቶም ሞሬሎ፣ ቤዚስቱ ቲም ኮመርፎርድና ድራመሩ ብራድ ዊልክ፣ በ2001 ከሳውንድጋርደኑ ድምፃዊ ክሪስ ኮርኔል ጋር ገጠሙ። አልበሞቹ በ2002፣ በ2005 እና በ2006 ወጡ፤ ኮርኔል በየካቲት 2007 ለቀቀ። የሞሬሎ አባት ኬንያዊ ዲፕሎማት መሆኑን ማንሳትም አይከፋም፤ ሮክን ከእኛ አካባቢ የራቀ ነገር አድርጎ ለሚያስብ እንግዳ በር ይከፍታል።

ሰውና ሰዓት

ከ8 እስከ 12 ሰው ጥሩ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 3 ደቂቃ በሁለት ዙር ከሰጣችሁ 12 ሰው ብቻውን 72 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰው ስልኩን ማየት ይጀምራል። ከተጋባዦቹ ቢያንስ ሲሶው ቡድኑን ሰምቶ የማያውቅ ይሁን። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከየክልሉ ተማሪ ስለሚሰበሰብበት እንዲህ ያለ ጆሮ ማግኘት አይቸግርም። ክራር የሚጫወት ሰው ካወቃችሁ እሱን አትለፉት፤ ምክንያቱ ወደ ታች አለ። ውይይቱ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሂድ፤ መሪው የእያንዳንዱን ተናጋሪ ነጥብ በሌላኛው ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይድገመው። ይህ ጊዜ የሚያባክን ይመስላል እንጂ ትርፉ ብዙ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊደገም የማይችል ሐሳብ ገና ያልጠራ ሐሳብ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

የክረምት ከሰዓት በኋላን ሽሹ። የጅማ ዝናብ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ድምፁ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ ይሸፍናል። መጀመሪያ የሚጠፉት የሲምባል ጭራ፣ የድምፃዊው ትንፋሽና የጊታሩ ማሚቶ ናቸው። ድምፁን ከፍ በማድረግ ዝናቡን ለማሸነፍ አትሞክሩ፤ ስፒከሩ መንጫጫት ይጀምርና ሰው የሚፈርደው በሙዚቃው ላይ ሳይሆን በተንጫጫው ስፒከር ላይ ይሆናል። ክረምት ከሆነ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሩ፣ ወይም ፎቅ ቤት ምድር ላይ ያለ ክፍል ፈልጉ። ሰዓቱን ከሶላት ጋር እንዳይጋጭ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ በመሀል አዛን ከተሰማ አቁሙና ሲያበቃ ዘፈኑን ከመጀመሪያው አስጀምሩ።

ክፍሉና ድምፁ

በባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ጭብጨባው እየተንቀጠቀጠ ከተመለሰ ግድግዳው እያስተጋባ ነው። ወፍራም መጋረጃ ዝጉ፣ ከአድማጮች በስተጀርባ ፍራሽ አቁሙ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። ሁለቱን ስፒከሮች በ2 ሜትር ርቀት አስቀምጡ፤ መሀል ላይ የሚቀመጠው ሰውም ከሁለቱ እኩል 2 ሜትር ይራቅ። ከኋላ ግድግዳው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይለዩ። ጥግ ላይ የተወሸቀ ስፒከር ቤዙን ያሳብጠዋል፤ የኮመርፎርድ ቤዝ ያኔ ኖታው ሳይለይ ጉምጉምታ ብቻ ይሆናል። ሰው በበርጩማ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ጆሮው ከወንበር ላይ ሲቀመጥ ከሚሆነው ከፍታ በታች ስለሚወርድ፣ ስፒከሮቹን ከኋላቸው በትንሽ እንጨት ደግፋችሁ ወደ ታች አዘንብሏቸው።

ሙዚቃውን በኔትወርክ ላይ ተማምናችሁ አትሂዱ። ዘፈኖቹን ከሕጋዊ ምንጭ አውርዳችሁ አንዱን ቅጂ ላፕቶፕ ላይ፣ ሌላውን ፍላሽ ላይ ያዙ። ጥራቱ 320 ኪሎ ቢት ወይም ፍላክ (ጥራቱን ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ይሁን፤ በ128 ሲምባሉ እንደ ውኃ ይንሿሿል። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ባትሪ ያለው መጠባበቂያ ስፒከር ከማታው ቻርጅ ይደረግ። መብራት ሲሄድ የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ወዲያው ንቀሉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ፊውዙን ሊያቃጥለው ይችላል።

አሁን የሁሉም ክርክር ስውር ጠላት ጋ ደረስን፤ የድምፅ መጠን ልዩነት ነው። ሁለት ዘፈን ሲወዳደር ትንሽ ከፍ ብሎ የተከፈተው «የተሻለ» ይመስላል። በ2000ዎቹ የተቀዱ የሮክ አልበሞች ከ1960ዎቹና ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ቅጂዎች ይልቅ ተጨምቀው ከፍ ብለው ስለተዘጋጁ፣ የድምፅ መጠን ቁልፉን ሳትነኩ ካጫወታችሁ ኦዲዮስሌቭ ያለ ድካም ያሸንፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ጫኑና መሀለኛው መቀመጫ ላይ አስቀምጡት። የእያንዳንዱን ዘፈን ጩኸት የበዛበትን ክፍል እያጫወታችሁ ሁሉም 75 ዴሲቤል አካባቢ እስኪሆን አስተካክሉ፣ የቁልፉንም ቦታ ወረቀት ላይ ጻፉ። የስልክ መለኪያ ፍጹም ባይሆንም አንዱን ከሌላው ለማስተያየት ይበቃል። ይህ ሥራ ሰው ከመምጣቱ በፊት ይለቅ።

ቡናው ክርክሩን ይምራ

ጅማ ላይ ያለ ቡና ክርክር አይታሰብም፤ ሦስቱ ዙር ደግሞ ለሰዓት አያያዝ በጣም ይመቻል። ቆልቶ መውቀጡ ግን ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ይጠናቀቅ። የሙቀጫ ምት ከዊልክ የእግር ድራም ጋር እየተደራረበ ምቱን ያሳስታል። ፈንዲሻውም በንግግር ጊዜ እንጂ በማዳመጥ ጊዜ አይቅረብ። አቦል ከማዳመጡ በኋላ ይቀዳና ስለ ጣዕሙ ይወራ፣ ቶና ላይ ስለ ወደፊቱ፣ በረካ ላይ ፍርድ።

የሚደመጡት አምስት ናቸው፤ በጠቅላላው ከ25 ደቂቃ አይበልጡም። መጀመሪያ ከሬጅ የ1992 አልበም አንድ ዘፈን፣ ቀጥሎ የሳውንድጋርደን «ስፑንማን»፣ ከዚያ የኦዲዮስሌቭ «ኮቺስ» እና «ላይክ ኤ ስቶን»፣ በመጨረሻ ከ2006ቱ አልበም የወደዳችሁትን አንድ። ወላጆቹን ቡድኖች ሳያስቀድሙ ልጁን ማሰማት ትልቅ ጥፋት ነው፤ አዲስ አድማጭ ምን እንደተጨመረና ምን እንደተቀነሰ የሚለካበት ነገር አይኖረውም። የቡድንም የዘፈንም ስም አትናገሩ። አምስቱም እስኪያልቁ ማንም አያውራ፤ ሁሉም ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጥ። ወረቀቱን ከሰበሰባችሁ በኋላ ስሞቹን ግለጡ።

መጀመሪያ የሚናገሩት ቡድኑን የማያውቁት ናቸው። አዋቂው ቀድሞ ከተናገረ ሌላው የሰማውን ትቶ የተነገረውን ይደግማል። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ማስረጃ ነው፤ አንድ ሰው «ጊታሩ ድንቅ ነው» ቢል የትኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ ይናገርና ከ30 ሰከንድ ያልበለጠ ቁራጭ ይከፈትለት። ማሳየት ካልቻለ ተራው ያልፋል።

አዘጋጁ ራሱ አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ቦታዎች አሉ። የ«ኮቺስ» መግቢያ ሄሊኮፕተር ይመስላል፤ ሞሬሎ የጊታሩን ክር በእርሳስ እየመታ ድምፁን በዲሌይ ፔዳል (ድምፅን አዘግይቶ በሚደግም የእግር መሣሪያ) ያባዛው ነው። ጊታርና ዲሌይ ያለው ሰው ካለ እዚያው ይሞክረው፤ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። «ላይክ ኤ ስቶን» ውስጥ ወደ ሦስተኛው ደቂቃ ገደማ የሚመጣው ሶሎ ኪቦርድ ሊመስል ይችላል፤ ጊታር ነው፣ ድምፁን በእግር በሚረገጥ ዋሚ ፔዳል ወደ ቀጭን እየጎተተ የሚጫወተው። እዚያው ዘፈን ላይ ኮርኔል መጀመሪያ አንገቱን እንደደፋ ሰው ዝቅ ብሎ እንዴት እንደሚጀምርና ወደ መጨረሻው ምን ያህል እንደሚከፍት አስተውሉ። በእኔ እምነት የቡድኑ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በሬጅ ዘፈኖች ሪፉ (እየተደጋገመ የሚመጣው አጭር የጊታር ሐረግ) ላይ የሚደረደረው የራፕ ቃል ነበር፣ እዚህ ግን ዜማ ገባበት፤ ሪፉም ቦታ ሊለቅለት ተገደደ።

ተቃራኒው ወገንም ጠንካራ መከራከሪያ አለው፤ እንዳይቀማ ጠብቁለት። የ«ስፑንማን» ዋና ሪፍ በሰባት ምት የሚቆጠር ነው። ሁሉም በእጁ እየመታ እስከ ሰባት ይቁጠር። ከዚያ ኦዲዮስሌቭን ሲቆጥሩ አብዛኛው ቀጥ ያለ አራት ሆኖ ይገኛል። በስድስት ስምንተኛ ችክችካ ያደገ ጆሮ ይህን ልዩነት ቶሎ ይይዘዋል። «ሳውንድጋርደን የነበረው ውስብስብ ምት ጠፋ፣ ሬጅ የነበረው የፖለቲካ ቁጣም ረገበ፣ ታዲያ ምን ተረፈ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ሲነሳ ክፍሉ ይሞቃል፤ ይሙቅ።

ክራር ተጫዋቹም የሚያስፈልገው አሁን ነው። የሮክ ጊታር መሠረት የሆነው ሚነር ፔንታቶኒክ የተባለው ቅኝት አምስት ድምፆቹ ከባቲ ሚነር ጋር ይገጥማሉ። ክራሩን በባቲ ሚነር ቃኝቶ የሪፉን መነሻ ድምፅ ካገኘ ብዙውን መከተል ይችላል። የማይገጥሙ ድምፆች ሲመጡ «እዚህ ጋ ወጣ» ይበል፤ ያቺ ነጥብ የዘፈኑን ጠባይ ታሳያለች።

ስለ ወደፊቱ

ቶና ሲቀዳ ሙዚቃው ይጥፋ። ከዚህ በኋላ «ይጥመኛል» የሚል ቃል ማስረጃ አይሆንም። ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፋችሁ ለእያንዳንዱ ቡድን አራት ጥያቄ ጻፉ፦ አባላቱ በሕይወት አሉ? የእናት ቡድናቸው ሥራ ላይ ነው? ውሉና አስተዳደሩ በማን እጅ ነው? በቅርቡ አንድ መድረክ ላይ ቆመዋል?

ኦዲዮስሌቭን በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። በ2002 አልበሙ ሳይወጣ ሊፈርስ የደረሰው በሁለት ወገን ማናጀሮች መሳሳብ ነው፤ የዳኑት ሁለቱንም አሰናብተው አንድ አዲስ አስተዳደር ሲይዙ ነው። በጥር 2007 ሬጅ ለኮቼላ ፌስቲቫል እንደሚመለስ ተነገረ፣ በቀጣዩ ወር ኮርኔል ለቀቀ፤ እሱ ግን የሰጠው ምክንያት የጠባይና የሙዚቃ አለመስማማት ነበር። አንዱ ሌላውን ተከትሎ መጣ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም፤ መሪው እዚህ ላይ ጠንከር ይበል። ቢሆንም ያው ሦስት ሙዚቀኞች በ2016 የመሠረቱት ፕሮፌትስ ኦፍ ሬጅም በ2019 ሬጅ መመለሱ ሲታወጅ አበቃ። ሁለቴ የሆነን ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። አራቱ የኦዲዮስሌቭ አባላት በጥር 2017 አንድ ምሽት አብረው ተጫወቱ፤ ኮርኔል በግንቦት 18 ቀን 2017 አረፈ። ስለ አሟሟቱ ወሬ የሚያነሳ ካለ መሪው በትሕትና ያቁመው፤ የሰው ሐዘን የክርክር ነጥብ ማስቆጠሪያ አይሆንም።

ስለዚህ የሚቀረው ጥያቄ «በሌላ ድምፃዊ ይቻላል ወይ?» ነው። እዚህ ላይ ሁለት ምሳሌ አቅርቡ። ከአምስቱ አባላት አንዱ ሮይ ኦርቢሰን በታኅሣሥ 1988 ሲያርፍ የሱፐርግሩፑ ትራቭሊንግ ዊልበሪስ ሰዎች ተተኪ ሳይፈልጉ በአራት ሆነው በ1990 ሌላ አልበም አወጡ። ሌላው ሱፐርግሩፕ ቬልቬት ሪቮልቨር ግን ድምፃዊው ስኮት ዌይላንድ በ2008 ከወጣ በኋላ ቋሚ ድምፃዊ ሳያገኝ ቀረ፤ ጊታሪስቱ ስላሽም በ2016 ወደ ቀድሞ ቡድኑ ወደ ገንስ ኤንድ ሮዝስ ተመለሰ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ዊልበሪስ ውስጥ አምስቱም ይዘፍኑ ነበር፣ ቬልቬት ሪቮልቨር ግን የቆመው በአንድ ጉሮሮ ላይ ነው። ኦዲዮስሌቭም እንዲሁ። በሌላ ሰው ድምፅ ያንን ስም መጠቀም አይገባም ባይ ነኝ።

በሩ ያልተዘጋ ቡድን ለሚፈልጉ ዘም ክሩክድ ቫልቸርስን ጨምሩ፦ ዴቭ ግሮል፣ ጆሽ ሆሚና የሌድ ዜፕሊኑ ጆን ፖል ጆንስ። በ2009 አንድ አልበም ብቻ አወጡ፤ በ2022 በፉ ፋይተርሱ ድራመር በቴይለር ሃውኪንስ መታሰቢያ ኮንሰርቶች ላይ አብረው ቆሙ። የግሮል ፉ ፋይተርስና የሆሚ ኩዊንስ ኦፍ ዘ ስቶን ኤጅ ጊዜ ይሻማሉ፣ ጆንስም የ1946 ተወላጅ ነው። ከአራቱ ጥያቄ ለአንዳንዶቹ ተስፋ ያለው መልስ ይገኛል፤ ክርክሩ የሚጦፈውም ለዚህ ነው።

ፍርዱ

በረካ ላይ ሁሉም እንደገና ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጥ። አሸናፊ ወገን አትፈልጉ፤ የምትቆጥሩት ከፊተኛው ወረቀት ስንት ሰው በስንት ነጥብ እንደተንቀሳቀሰ ነው። ስለ ወደፊቱ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ቀን ያለው ትንበያ ይጻፍ። «ምናልባት ይመለሱ ይሆናል» አይበቃም፤ «እስከዚህ ዓመት መጨረሻ ድረስ አዲስ ዘፈን ይወጣል» ወይም «አይወጣም» ይሁን። ወረቀቶቹን በፖስታ አሽጋችሁ የሚከፈትበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉና ክርክሩ ላይ ላልተሳተፈ ሰው አስረክቡ። ለሚቀጥለው የ1960ዎቹን ሱፐርግሩፕ ክሪምን ብትመርጡ የ1966–68 ቅጂዎቻቸው ዝቅ ያሉ ስለሆኑ የድምፅ መለኪያውን ሥራ እንደ አዲስ መሥራት አለባችሁ፤ የዛሬው የቁልፍ ቦታ አያገለግልም።