የ12ኛ ክፍል ውጤት ለኮሌጅ እንዴት ነው የሚላከው? (አሜሪካ ልጅ ለምታስተምሩ)

እኛ አገር 12ኛ ክፍል ማለት ማትሪክ ነው፣ ተፈተንክ፣ ነጥብህ መጣ፣ አለቀ። ለዛ መሰለኝ እዚህ ያለን ወላጆች ልጁ ዲሴምበር ላይ ተቀብለንሃል ሲባል ዶሮ ወጥ የምንሰራው። ደብዳቤውን እስከታች አንብቡት እስቲ፣ ውጤትህ ሳይወርድ ከጨረስክ የምትል ነገር አለችበት።

1. የኮሌጅ ማመልከቻው ፎርም ከመሞላቱ በፊት ትራንስክሪፕቱን (የሃይስኩሉን የውጤት ወረቀት) አውጡ። ኮመን አፕ (በአንድ ፎርም ለብዙ ኮሌጅ የሚያመለክቱበት ዌብሳይት) ላይ የ12ኛ ክፍል ኮርሶች አሁን እየተማርኩ ነው ተብለው ነው የሚገቡት፣ ውጤቱን ትምህርት ቤቱ ይልካል። የካሊፎርኒያዎቹ ዩሲዎች (የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ካምፓሶች) ግን ሲያመለክቱ ትራንስክሪፕት አይቀበሉም፣ ልጁ ራሱ ነው ውጤቱን አንድ በአንድ የሚጽፈው፣ እና ማን ያያል ብሎ ቢዋን ኤ ካደረጋት ሰመር ላይ ዋናው ትራንስክሪፕት ሲመጣ ጉድ ይፈላል። ዩሲ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ሲያሰላ የ10ኛና የ11ኛን ነው የሚይዘው፣ እውነት ነው፣ ግን 12ኛ ላይ ዲ ወይ ኤፍ ከመጣ አድሚሽኑ ሊሰረዝ ይችላል።

2. ጃንዋሪ ላይ ሚድ ይር ሪፖርት (የግማሽ ዓመት ውጤት)። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) ነው የሚልከው እንጂ ልጁ አይደለም። ሁሉም ኮሌጅ አይጠይቅም፣ የትኞቹ እንደሚጠይቁ አይታችሁ ለካውንስለሩ በኢሜይል ንገሩት፣ ከዛ በየኮሌጁ ፖርታል ገብታችሁ መድረሱን ቼክ አርጉ። ስንት መቶ ልጅ የያዘ ሰው ቢረሳ አይገርምም።

3. ውጤት ከወረደ ወይ ኮርስ ድሮፕ ከተደረገ ቀድማችሁ ተናገሩ። ዋናው ይሄ ነው። የእህቴ ልጅ ፌብሯሪ ላይ ካልኩለስ ከብዶታል ብሎ ለማንም ሳይናገር ተወው፣ ኮሌጁ ጁን ላይ ትራንስክሪፕቱን አይቶ ለምን ብሎ ጻፈለት፣ ቤቱ ልቅሶ ቤት ሆነ፣ በመጨረሻ ተቀበሉት ግን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረም። ኮርስ ከመተዉ በፊት አድሚሽን ኦፊስን መጠየቅ ነው እንግዲህ። ኢሜይሉን ልጁ ራሱ ይጻፈው፣ እናንተ አትጻፉለት፣ አጭር ይሁን፦ የትኛው ኮርስ፣ ከስንት ወደ ስንት ወረደ፣ ምን ሆኖ ነው (ታሞ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ሐዘን ከነበረ በግልጽ)፣ አሁን ምን እያረገ ነው፣ ቱተር ይዞ እንደሆነ ምናምን። አስተማሪው ይጠላኛል የሚለውን ተዉት፣ ካውንስለሩንም ሲሲ አርጉ።

4. ፋይናል ትራንስክሪፕት። ይሄ የሚሄደው ልጁ ሜይ 1 አካባቢ እገባበታለሁ ብሎ ለመረጠው አንድ ኮሌጅ ነው፣ የተመረቀበት ቀን ያለበት ሆኖ። ዩሲ እስከ ጁላይ 1 ይፈልጋል፣ ሌሎቹ የራሳቸው ቀን አላቸው። በትምህርት ቤቱ በኩል በቀጥታ መላክ አለበት፣ እናንተ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩ አይቆጠርም። ብዙ የኛ ልጆች ደሞ ሃይስኩል እያሉ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይ ኖቫ (ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች) ኮርስ ይወስዳሉ፣ የዛ ትራንስክሪፕት ለብቻው ነው የሚጠየቀው፣ ከሃይስኩሉ ጋር አብሮ ሄዷል ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ጥያቄውን ትምህርት ሳይዘጋ አስገቡ፣ ጁላይ ላይ ብትደውሉ ካውንስለሩ ቫኬሽን ላይ ነው።