የእባብ ቆዳ ተቆራርጦ ሲቀር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ጤናማ እባብ ገለፈቱን የሚያወልቀው ከአፍንጫው ጀምሮ እስከ ጅራቱ ጫፍ፣ እንደ ካልሲ እየተገለበጠ፣ በአንድ ወጥ ቁራጭ ነው። ገለፈቱ ተቦጫጭቆ በሳጥኑ ውስጥ ከተበተነ ወይም እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ገላው ላይ ከተጣበቀ መስተካከል ያለበት ነገር አለ ማለት ነው። የምጽፈው በጅማ ዘንዶና የቤት እባብ የተባለውን መርዝ የሌለው ዝርያ ለሚያሳድጉ ሰዎች ነው፤ ከዚህ በታች ካለው አንዱንም በመርዛማ እባብ ላይ መሞከር አይገባም።

የዓይኑ መደፍረስና የገላው ቀለም መደብዘዝ በሽታ አይደለም። በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ስለሚገባ የሚታይ ነው፤ ዓይኑ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጠራል፣ ከጠራ በኋላም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ባሉት ቀናት ቆዳው ይወርዳል። በዚህ ጊዜ አጥርቶ ስለማያይና ስለሚደነግጥ አያንሡት፣ አይመግቡትም።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ችግር የቆዳው መቆራረጥ ነው፤ መንስኤውም በአብዛኛው የአየር መድረቅ ነው። የጅማ ሰው ይህን ሲሰማ በቀላሉ አይቀበልም፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት ከተማ አየሩ እንዴት ይደርቃል ይላል። ነገር ግን እባቡ የሚኖረው በከተማው አየር ውስጥ ሳይሆን በሳጥኑ አየር ውስጥ ነው። ከኅዳር ወር ጀምሮ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ባለቤቱ አምፖል ይሰቅላል፤ የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ቢሆን እንኳ፣ ያው አየር ውኃ ሳይጨመርበት ወደ 32 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። በክረምት ያለ ችግር ቆዳውን ሲለውጥ የኖረ እባብ በታኅሣሥና በጥር የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለፈው በጋ አንድ ወጣት ገላው ሁሉ በነጫጭ ቁርጥራጭ የተሸፈነ ዘንዶ አመጣልኝ። «እርጥበቱ 60 ነው፣ በየቀኑ አየዋለሁ» ብሎ መርፌ ያለውን ክብ መለኪያ አሳየኝ። መለኪያውን ከከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ 60 አለ። እርጥብ ፎጣ ውስጥ ጠቀለልኩት፤ አሁንም 60 አለ። መርፌው ተጣብቆ ነበር፤ እንስሳው ለወራት የተሠቃየው በዚህ ርካሽ ዕቃ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ መለኪያ ባይሸጥ ይሻላል፤ የገዛችሁት ዲጂታል ቢሆንም ሳትፈትሹ አትመኑት። አንድ ማንኪያ የገበታ ጨው በቆርኪ ላይ አድርጋችሁ ሳይሟሟ እንዲረጥብ ብቻ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምሩበት፣ ከመለኪያው ጋር ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ዘግታችሁ አሳድሩት። ጠዋት 75 አካባቢ ማንበብ አለበት፤ ከዚያ በጣም ከራቀ ጣሉት።

በአካባቢያችን የማየው ሌላው ስሕተት የደረቀ የቡና ገለፈት ማንጠፍ ነው። በነጻ ስለሚገኝ ሰው ይወደዋል፤ ሆኖም ደረቁ አቧራ ነው፣ ውኃ ሲነካው ደግሞ ይሻግታል። ተራ ጋዜጣ ይበልጠዋል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ሰፋ ያለ የውኃ ገበታ ወደ ሞቃቱ ጎን ያስጠጉ፣ የወንፊት ክዳኑን ከአምፖሉ ርቆ ባለው በኩል በከፊል ይሸፍኑ፤ ጨርቅ ግን ወደ አምፖሉ ፈጽሞ አይጠጋ፣ ቤት ያቃጥላል። ከዚያ እርጥብ መጠለያ ይሥሩ፦ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ላይ የእባቡን ወፍራም ክፍል በሰፊው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይቁረጡ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፣ ውስጡን ተነክሮ በተጨመቀ የጥጥ ጨርቅ ይሙሉት። ዓይኑ መደፍረስ ሲጀምር ያስገቡለት፤ ጨርቁን በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ። የሳጥኑ እርጥበት በሌላ ጊዜ ከ50 እስከ 60፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ ከ65 እስከ 75 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። አፍንጫውን የሚያሽበት ሻካራ ድንጋይ ወይም የታጠበ ግንድም ያስፈልገዋል።

ቆዳው አስቀድሞ ከተጣበቀ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ በሚሆን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ያቆዩት፤ የውኃው ጥልቀት ከሰውነቱ ውፍረት ግማሽ አይብለጥ፣ እርስዎም ከአጠገቡ አይራቁ። ከዚያ በረጠበ ፎጣ ይጠቅልሉትና በእጅዎ ላላ አድርገው ይዘው፣ በራሱ ጉልበት በፎጣው እጥፋት መካከል ሾልኮ እንዲወጣ ይተዉት። ገለፈቱ ከፎጣው ጋር ይቀራል። ያልለቀቀውን ነገ ይድገሙት እንጂ በጥፍር አይላጡ፤ ደረቅ ቁራጭ ሲሳብ አዲሱን ቅርፊት ይዞ ይመጣል፣ ሥሩም ይደማል። አንዲት እናት ለልጃቸው እባብ አዝነው ለጋ ቅቤ ቀብተውት አይቻለሁ። ሐሳባቸው ደግነት ነበር፤ ቅቤ ግን እርጥበት አይሰጥም፣ ቆሻሻና አቧራ ይይዛል፣ እሱን አጥቦ ለማስለቀቅ ሦስት ቀን ፈጅቶብናል።

የጅራቱን ጫፍ በተለይ ይመልከቱ። እዚያ የቀረ ገለፈት ሲደርቅ እንደ ቀለበት ያጠብቃል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ይደረብበታል፣ የደም ዝውውሩም ይቋረጣል። በአንዲት የቤት እባብ ጅራት ላይ ሦስት ቀለበት ተደራርቦ አግኝቻለሁ፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር፣ ጫፉም ተቆርጦ ወደቀ። ባለቤቷ በየጊዜው ገለፈቱን አንሥቶ ጫፉ መኖሩን ቢያይ ኖሮ አንድ ጊዜ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መቆየት ይበቃት ነበር።

ዓይን ላይ የቀረውን አይንኩ። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው ግልጽ ቅርፊት ከቆዳው ጋር አብሮ ይወልቃል። በተጣለው ገለፈት ራስ ላይ ሁለቱን ክብ ሽፋኖች ፈልጉ፤ አንዱ ከጎደለ እርጥበቱን ጨምሩና የሚቀጥለውን ለውጥ ጠብቁ፣ ብዙውን ጊዜ ያኔ አብሮ ይወጣል። ወረንጦ ይዞ ዓይን የሚቆነጥጥ ሰው እባቡን ሊያሳውር ይችላል። ወረንጦ አይጠቀሙ። ገለፈቱን ለማንሣት ብለው ተለጣፊ ፕላስተርም አይለጥፉ።

በዓይኑ ዙሪያና በአገጩ ሥር ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ከታዩ፣ ወይም በውኃ ገበታው ውስጥ ሰጥመው ከተገኙ ቅንቅን ነው፤ ሳጥኑን ባዶ አድርጎ ማጠብና እባቡን ለብቻ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ፍሊት አይረጭበትም። የቆየ ጠባሳ ያለበት ቦታ ሁልጊዜ ትንሽ ገለፈት ይይዛል፣ እዚያ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። እርጥበቱ በተፈተሸ መለኪያ ተስተካክሎ ቆዳው ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከተቆራረጠ፣ ወይም እባቡ ከከሳና አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት፤ የመጨረሻውን ገለፈትም በፌስታል ይዘው ይሂዱ።