ዓይን አፋር ሆኖ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ መግባት፦ ዋጋ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ቤት እያላችሁ ዝምተኛነታችሁ «ጨዋ ልጅ» አስብሏችሁ ይሆናል። ግቢ ስትገቡ ያው ዝምታ ማርክ ያስቀንሳል፣ ማስታወቂያ ያሳልፋል፣ አንዳንዴም ጦም ያሳድራል። ጠባያችሁን ለውጡ አልልም፤ የሚለወጥም አይመስለኝም። የት የት ዝም ማለት እንደሚያከስር ካወቃችሁ ግን እዚያ እዚያ ላይ ብቻ መናገር ይበቃል።

«ትንሽ ልላመድና እቀርባቸዋለሁ» ማለት

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። ዶርም ውስጥ የሚጠብቋችሁ ልጆች ከየአቅጣጫው የተመደቡ ናቸው፤ አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከጅማ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማንም ማንንም አያውቅም። ካፌው በየት በኩል እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አይሳቅበትም፤ ብቻውን መሄድ የሚፈልግም የለም። ከወር በኋላ ግን ሦስትም አራትም እየሆኑ ተቧድነዋል፤ ያኔ መቀላቀል ለደፋሩም ይከብዳል። ዓይን አፋሩ ቀላሉን ጊዜ ኤርፎን ሰክቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያሳልፈውና ከባዱ ሲመጣ ልጀምር ይላል።

ጨዋታ ማሳመር አይጠበቅባችሁም። «ምሳ ልትሄዱ ነው? ጠብቁኝ» በቂ ነው። እናታችሁ የቋጠረችላችሁ በሶ ወይም ዳቦ ቆሎ ካለም ሎከር ውስጥ አትቆልፉበት። አውጥታችሁ «ብሉ እንጂ» ካላችሁ የአንድ ሳምንት ወሬ ተካችሁ ማለት ነው።

ሰው ፊት መብላት አፍሮ ነን ካፌ መሆን

ነን ካፌ ማለት በግቢው ካፌ መመገብን ትቶ የምግቡን በገንዘብ መውሰድ ነው። ለጤናው ወይም ለሌላ ምክንያት ይኼን የሚመርጥ አለ፤ እሱን አልነካም። ሰልፉንና ብቻውን መቀመጡን ፈርቶ የሚወጣው ልጅ ግን ብሩ ወሩ ሳይጋመስ ያልቅበትና በሻይና በብስኩት ይከርማል። ካፌ ውስጥ ብቻውን የሚበላን ልጅ የሚያይ የለም፤ የሁሉም ዓይን ወጡ ላይ ነው።

የግሩፑን ሥራ ሁሉ ሠርቶ ማቅረቡን ለሌላ መተው

የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ዲፓርትመንት ሲመደብ ይቆጠራል። ሳይኮሎጂም ሆነ ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂም ሆነ ሌላ፣ ከመቶው ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ከፋይናል በፊት በኩዊዝ፣ በአሳይመንትና በፕሬዘንቴሽን የሚሰበሰበው ነው። መምህሩ ብዙ ጊዜ በስም ዝርዝሩ ቅደም ተከተል ስለሚከፋፍል ጓደኛ ባይኖራችሁም ግሩፕ አታጡም።

እዚህ ላይ ዝምተኛው ልጅ የሚያደርገው የታወቀ ነው። «እኔ ልጻፈው» ይልና ላይብረሪ አምሽቶ ሃያውን ገጽ ብቻውን ይጨርሳል፤ በማቅረቢያው ቀን ከኋላ ይቆማል። የፕሬዘንቴሽን ማርክ በየግል በሚያዝበት ኮርስ ሃያ ገጽ የጻፈው ልጅ ጠዋት ላይ ወረቀቱን አንብቦ ከወጣው ያነሰ ያገኛል። ይኼ ግፍ ነው፤ ግን ግፉን ያመጣው ራሱ ነው።

ክፍፍሉ ሲደረግ ቀድማችሁ መግቢያውን ያዙ። መግቢያ አጭር ነው። ቀድማችሁ ስለምትጨርሱ ሌሎቹ እስኪያቀርቡ ልባችሁ ሲደልቅ አይቆይም። መምህሩም ቢሆን አንገት የሚያስደፋውን ጥያቄ መግቢያው ላይ እምብዛም አያነሳም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ቃል በቃል ሸምድዱ፤ ነውር የለውም። ከዚያ በኋላ አፍ ራሱ ይፈታል።

እንግሊዝኛውን ከዓይን አፋርነት ጋር ማምታታት

ዶርም ውስጥ ሲጫወቱ የሚያመሹ፣ ክፍል ሲገቡ ግን ድምፃቸው የሚጠፋ ልጆች አሉ። እነዚህ ያፈሩት ሰውን ሳይሆን እንግሊዝኛቸውን ነው። ለፍሬሽ የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ኮርስ «ቀላል ነው» ብለው የሚቀሩትም እነሱው ናቸው። ጥያቄያችሁን ደብተር ላይ ጻፉት፤ ክፍል ውስጥ ማንበብ ካቃታችሁ መምህሩን ሲወጣ በር ላይ ያዙት ወይም በማማከሪያ ሰዓቱ ቢሮው ሂዱ።

አለመጠየቅ

ዩኒቨርሲቲው ከአንድ በላይ ግቢ አለው፤ ዋናው ግቢ አለ፣ ቴክኖሎጂ አለ፣ ወንዶ ገነት አለ፣ ይርጋለም በኩል አዋዳ አለ። ባጃጅ ይዞ «ዩኒቨርሲቲ» ብቻ ያለ ልጅ የማያውቀው በር ላይ ሻንጣውን ይዞ ሊቆም ይችላል። የክፍል ለውጥም ሆነ የፈተና ቀን የሚተላለፈው በክፍል ተጠሪውና በቴሌግራም ግሩፑ ነው። ስለዚህ ሌላ ማንንም ባትቀርቡ ተጠሪውን ቅረቡ።

በየሳምንቱ አርብ ቤት መሮጥ

ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዚያ ልጆች ፈተናቸው ይኼ ነው። ቅዳሜና እሁድ ማለት ልብስ የሚታጠብበት፣ ኳስ የሚታይበት፣ ሰው ከሰው የሚላመድበት ጊዜ ነው። ቢያንስ እስከ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ድረስ አንዱን ሳምንት ሄዳችሁ አንዱን ቅሩ።

ስትቀሩ ደግሞ «ቁጭ ብለን እናውራ» ከሚል ግብዣ ይልቅ የሚታይ ነገር ያለበት ቦታ ምረጡ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ባለው አሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጀልባዎቹ አሳ ይዘው ሲመጡ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በሰው መሃል ሲንጎራደዱ፣ ዝም ብሎ ማየት እንደ ጨዋታ ይቆጠራል። ታቦር ተራራ ላይ ሲወጣም ትንፋሹ ለወሬ ስለማይተርፍ ዝምታችሁን የሚታዘብ የለም። ብቻችሁን ፍቅር ሐይቅ ዳር መሄድም፣ ስሙ ቢያሳቅቅም፣ ምንም ጥፋት የለበትም።

«እምቢ» ማለትን መፍራት

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አይነገርም። ዝም የሚል ልጅ ብር ያበድራል፣ ላፕቶፑን ያውሳል፣ ሲኒየሮች «ና እንቃም» ሲሉት ላለማስቀየም ይከተላል። ምክንያት መደርደር የለባችሁም፤ ምክንያት ከደረደራችሁ ይከራከሯችኋል። «አይ፣ እኔ አልችልም» ብሎ ወደ ሥራ መመለስ ነው። ሴት ተማሪዎች ላይ ጫናው ይብሳል። ስለ ማርክ ለብቻሽ ላናግርሽ የሚል ሰው ከመጣ ጓደኛ ይዞ መሄድ፣ ካልሆነም ለሴት ተማሪዎች ጉዳይ ወደተቋቋመው ቢሮ መሄድ ይቻላል።

የተሰጠውን ውጤት አንገት ደፍቶ መቀበል

ማርክ ሲለጠፍ ያልጠበቃችሁትን ካያችሁ የቅሬታ ጊዜው አጭር ነው፤ ካለፈ አለፈ። በመጀመሪያ የየኩዊዙንና የየአሳይመንቱን ውጤት ራሳችሁ ደምሩ። ልዩነት ካለ ለመምህሩ «ድምሩ ላይ የሚያሳዩኝ ነገር ካለ ብዬ ነው» በሉት። ይኼ ክስ አይመስልም፤ እሱም ቱግ አይልም። ፊት ለፊት መሄዱ ካስጨነቃችሁ በጽሑፍ አድርጉት፤ ለዝምተኛ ሰው ወረቀት ከአፍ ይሻላል፤ ግልባጩንም አስቀሩ።