ውሃ ስንት ደቂቃ ይርቃል? የሰፈርን ችግር በነፃ ዳታና በካርታ መመርመር

«ደብረ ብርሃን የውሃ ችግር አለ» የሚል ካርታ መሥራት አይቻልም። «ከዚህ ሰፈር ተነስቶ አንድ ጀሪካን ውሃ ቀድቶ ለመመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ለሚል ጥያቄ ግን ካርታ ይሠራል። የመጀመሪያው ብሶት ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይከራከረውም፣ ማንም አያስተካክለውም። ሁለተኛው ይለካል። ተሳስታችሁ ከሆነም ሰው መጥቶ ሊያርማችሁ ይችላል።

እዚሁ ደብረ ብርሃን የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ጠዋት የሚያረፍዱ ልጆችን ምክንያት ስጠይቅ ደጋግሜ የምሰማው መልስ «ወረፋ ላይ ነበርኩ» የሚል ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩ የሚያንገበግበኝ። ከተማሪዎቼ ጋር የምንሠራበትን መንገድ እዚህ አስቀምጣለሁ። የሚያስፈልጋችሁ ላፕቶፕ፣ ስማርት ስልክና የሚራመድ እግር ነው። ሶፍትዌሩ በሙሉ ነፃ ነው።

መጀመሪያ መለኪያ

ካርታው «ሩቅ» እና «ቅርብ» ሲል ከምን አንጻር እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። አገራችን በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከተሞችን በሕዝብ ብዛት አምስት ቦታ ከፍላ ነበር። ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላለው ከተማ የተቀመጠው ግብ በነፍስ ወከፍ በቀን 80 ሊትር ነበር። ከ20 ሺህ በታች ሕዝብ ላለው ትንሽ ከተማ ደግሞ 40 ሊትር፣ በ250 ሜትር ርቀት ውስጥ። ለገጠር 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሚጠቀሙበት መለኪያ ግን ደቂቃ ይቆጥራል። ውሃው ከተጠበቀ ምንጭ ሆኖ ደርሶ መልሱ ወረፋውን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ ካልበለጠ አገልግሎቱ «መሠረታዊ» ይባላል። ከበለጠ «ውስን» ነው።

እኔ ደቂቃውን እመርጣለሁ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ። ቦኖው ከቤት 200 ሜትር ይርቃል እንበል። ባዶ ጀሪካን ይዞ መውረድ 3 ደቂቃ፣ 20 ኪሎ ተሸክሞ መመለስ 5 ደቂቃ፣ ወረፋው 50 ደቂቃ። በሜትር ከለካችሁ ይህ ቤት ምንም ችግር የለበትም። በደቂቃ ከለካችሁ ከ30ው መስመር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በሜትር የተሠራ ካርታ ይህን ቤት አረንጓዴ ቀብቶት ያልፋል።

በነፃ የሚገኘው ምንድን ነው

መንገድና ወንዝ፣ አንዳንዴም ቦኖ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ ታገኛላችሁ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት የዓለም ካርታ ነው። ኦቨርፓስ ተርቦ የሚባለውን ገጽ ክፈቱ፣ ካርታውን ደብረ ብርሃን ላይ አድርጉ፣ «ዊዛርድ» የሚለውን ተጭናችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል «ድሪንኪንግ ዋተር» ብላችሁ ጻፉ። የተመዘገቡት የውሃ ነጥቦች ይመጣሉ፤ ጂኦጄሰን በሚባለው የካርታ ፋይል ዓይነት አውርዷቸው።

የቤት ጣሪያዎችን ጉግል ኦፕን ቢልዲንግስ ይሰጣችኋል። ከሳተላይት ምስል በኮምፒዩተር የተለዩ ናቸው። የወረዳ ድንበር ስትፈልጉ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የሚያስተዳድረውን የዳታ መለዋወጫ ገጽ እዩ። በአጭሩ ኤችዲኤክስ ይባላል። ዳገትና ቁልቁለቱን ለማየት የኮፐርኒከስ የከፍታ ዳታ አለ፤ እያንዳንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ቦታ ይሸፍናል። ስለ አንድ ዳገት ይነግራችኋል፣ ስለ አንድ ደረጃ ግን አይነግራችሁም።

የሕዝብ ቁጥር ላይ ቆም በሉ። አገራችን የመጨረሻውን ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም ነው። ያኔ ደብረ ብርሃን 65,231 ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ሰፋ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፣ ተፈናቃይ ወገኖቻችንም ወደ ከተማዋ ገቡ። ስለዚህ ወርልድፖፕን የመሰለ በ100 ሜትር ሳጥን የተከፋፈለ የሕዝብ ካርታ ስታወርዱ የያዛችሁት ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። ጣሪያ መቁጠርም ያው ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አከራዩ ከፊት፣ አምስት ተከራይ ከኋላ በሰርቪስ ቤት ይኖራል፤ ቧንቧው አንድ ነው። ማድ ቤትም ጣሪያ አለው፣ የከብት ቤትም ጣሪያ አለው። ጣሪያውን ሰፈሮችን እርስ በርስ ለማወዳደር ተጠቀሙበት እንጂ «ይህን ያህል ሰው ውሃ የለውም» ለማለት አታውሉት።

ከሁሉም በላይ ይህን ያዙልኝ፦ ካርታው ላይ ቦኖ የለም ማለት መሬት ላይ ቦኖ የለም ማለት አይደለም። ማንም አልመዘገበውም ማለት ነው። ዳታውን አውርዶ ወዲያው ቀይ ቀለም መቀባት የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ወደ ሰፈር መውጣት ግድ ነው።

ሰፈር ስትወጡ

ኮቦ ቱልቦክስ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ላይ አጭር ቅጽ አዘጋጁ። ስልክ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ኔትወርክ ስታገኙ ይልካል። ብዙ ጥያቄ አታብዙ። የቦኖው ቦታ በጂፒኤስ፣ አሁን ውሃ አለ ወይስ ዝግ ነው፣ በሳምንት በየትኞቹ ቀናት ይመጣል፣ ጀሪካኑ ስንት ብር ነው፣ ወረፋው ስንት ደቂቃ ነው። ይበቃል። ጂፒኤሱን ከቆርቆሮ ጥላ ወጥታችሁ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ያዙት፤ የስህተት ርቀቱ ወደ 5 ሜትር እስኪወርድ ጠብቁ።

ወረፋ መለካት ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ጠዋት በብርድ ቦኖ ጋ ብትሄዱ ቢጫ ጀሪካኖች ከቧንቧው ጀምሮ አጥሩን ይዘው ይሰለፋሉ። አንዱ ክዳኑ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፣ ሌላው በማርከር ስም ተጽፎበታል፣ ባዶው ንፋስ እንዳይጥለው ድንጋይ ተደግፎለታል። ሰዎቹ ግን ከጀሪካኖቹ ያነሱ ናቸው። ጋቢ ተከናንበው ከቆሙ አንዲት እናት ጋ ሄጄ «እማማ፣ ስንት ሰዓት መጡ?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ወይስ ጀሪካኔ?» አሉኝ። «ጀሪካኔ ማታ ነው የመጣው። እኔ ከቅዳሴ መልስ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ቅጻችን ላይ ሁለት ጥያቄ አለ። አንዱ ጀሪካኑ ስንት ሰዓት ወረፋ ያዘ የሚል ነው፤ ይህ ውሃው ምን ያህል እንደሚያንስ ያሳያል። ሁለተኛው ሰውየው ወይም ሴትየዋ ራሳቸው ስንት ደቂቃ ቆሙ የሚል ነው፤ ይህ የሰው ጊዜ ምን ያህል እንደሚባክን ያሳያል። 30 ደቂቃ ከሚለው መለኪያ ጋር የሚነጻጸረው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ግን አትጣሉት። ጀሪካን ሌሊቱን የሚያድርበት ቦኖ ሁልጊዜ ለብቻው መታየት አለበት።

ዝግ ሆኖ ያገኛችሁትንም ቦኖ መዝግቡ። ዝግ መሆኑ ራሱ መረጃ ነው። ሁሉንም ቦኖዎች በተመሳሳይ ሰዓት ጎብኙ፤ አንዱን ጠዋት ሌላውን ከሰዓት አይታችሁ ብታወዳድሩ ትርጉም የለውም። የገበያ ቀንና የሥራ ቀን አትቀላቅሉ። መብራት የጠፋበትን ቀን ጻፉ፤ ፓምፑ በመብራት ነው የሚሠራው።

ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ሰው «1 ሰዓት» ሲላችሁ ስልኩ 7 ሰዓት ብሎ መዝግቦታል። ቅጹ ላይ «በእኛ ሰዓት» ብላችሁ ጻፉና ወደ አንዱ መቀየሩን በኋላ በላፕቶፕ ሥሩት። አንዱ ተማሪ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ከጻፈ ዳታው ከጥቅም ውጭ ይሆናል። የሰፈር ስምም እንዲሁ ነው። «ጠባሴ» የሚለውን አንዱ «ጠባሤ» ካለው ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰፈር ያደርገዋል። በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ከዝርዝር እንዲመርጡ አድርጉ።

ላፕቶፕ ላይ

ከቅጹ የወጣውን ሰንጠረዥ በኤክሴል በቀጥታ ከከፈታችሁት አማርኛው ሊበላሽ ይችላል። «ዳታ» ከሚለው ውስጥ ከጽሑፍ ፋይል አስገቡና የፊደል አጻጻፉን ዩቲኤፍ 8 አድርጉ። ከዚያ ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ክፈቱ።

ርቀት ከመለካታችሁ በፊት ካርታውን በሜትር ወደሚለካው ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ቀይሩት፤ በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ ቁጥሩ 32637 ነው። ካልቀየራችሁት ርቀቱ በዲግሪ ይወጣል፣ 250 ሜትር የሚባል ነገር አይኖርም። ነጥቦቹ ካርታው ላይ ካልታዩ ደግሞ አትደንግጡ፣ ኬንትሮስና ኬክሮስ ተቀያይረው ይሆናል። ደብረ ብርሃን በግምት ኬክሮስ 9.68፣ ኬንትሮስ 39.53 ላይ ናት። ሁለቱ ከተለዋወጡ ከተማችን ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ፣ ሰርዲኒያ ደሴት ጠረፍ አጠገብ ትገኛለች።

አሁን ብዙ መማሪያዎች በየቦኖው ዙሪያ የ250 ሜትር ክብ ሣሉ ይላሉ። ሣሉት፣ ግን እዚያ አታቁሙ። በሬሳ በሚባለው የከተማችን ወንዝ ዳር ባለ ሰፈር ላይ ሞክሩት። ክቡ ወንዙን ተሻግሮ ከማዶ ያሉትን ቤቶች ያቅፋል። ካርታው «ቅርብ ናችሁ» ይላቸዋል። እነሱ ግን ድልድይ ፍለጋ ዞረው፣ ገደሉን ወርደው ወጥተው ነው የሚደርሱት፤ ክረምት ሲሆን አቋራጩም ይዘጋል። ሰው እንደ ወፍ አይበርም።

ስለዚህ በመንገዱ ለኩ። ኩዊክ ኦኤስኤም በሚባለው ተጨማሪ መሣሪያ የኦፕንስትሪትማፕን መንገዶች ወደ ኪውጂአይኤስ አስገቡ፤ የእግር መንገዶቹን አትርሱ። ከመሣሪያ ሳጥኑ «ኔትወርክ አናሊሲስ» ውስጥ «ሰርቪስ ኤሪያ» የሚለውን አሂዱ። ከእያንዳንዱ ቦኖ በመንገድ 250 ሜትር ድረስ የሚደረሰውን ብቻ ይስልላችኋል። ክቡንና ይህን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በክቡ ውስጥ ሆነው በመንገዱ ግን የቀሩት ቤቶች፣ የምርመራችሁ ዋና ውጤት እነሱ ናቸው። ወደ ደቂቃ ስትቀይሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚለው የተለመደ ግምት ባዶ እጁን ሜዳ ላይ ለሚሄድ ሰው ነው። ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ አይሠራም። በሰፈራችሁ ዳገት ላይ ጊዜ ይዛችሁ የራሳችሁን ፍጥነት አውጡ።

ወረፋውን በአማካይ አትግለጹት። በአንድ ቦኖ 20፣ 25፣ 30፣ 35 እና 240 ደቂቃ መዝግባችሁ ከሆነ አማካዩ 70 ነው። ማንም ሰው ግን 70 ደቂቃ አልቆመም። በቅደም ተከተል ደርድራችሁ መሃል ላይ ያለውን ውሰዱ፣ 30 ነው። 240ውን ደግሞ ለብቻው ጻፉት፤ የዚያን ቀን ምን እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ይነግራችኋል።

ሰው የሚነካው ካርታ

ለሰው ለማሳየት ዩማፕ የሚባለው የኢንተርኔት ካርታ መሥሪያ ይበቃል፤ ኮድ አይጠይቅም። ፋይላችሁን አስገቡ፣ ቦኖዎቹን በወረፋ ደቂቃ ቀለም ስጧቸው። 30 እና ከዚያ በታች አንድ ቀለም፣ በላዩ ሌላ፣ ዝግ የሆነው ግራጫ። ሦስት ቀለም በቂ ነው። ነጥቡ ሲነካ የሚወጣው ጽሑፍ በአማርኛ ይሁን፣ የተለካበትን ቀንም ይያዝ። ቀን የሌለው ካርታ ከሁለት ወር በኋላ ያሳስታል። አካውንት ሳትከፍቱ ከሠራችሁት የሚሰጣችሁን የማስተካከያ ሊንክ በደንብ አስቀምጡ፤ እሱ ከጠፋ ካርታውን መለወጥ አትችሉም።

የሰው ቤት ላይ ነጥብ አታድርጉ። «እዚህ ግቢ ውሃ የለም» ብሎ በይፋ መለጠፍ የሰውን ጓዳ አደባባይ ማውጣት ነው። ስምና ስልክ አትሰብስቡ። ቤቶችን በ100 ሜትር ሳጥን ጠቅልላችሁ አሳዩ። አዲስ ያገኛችኋቸውን ቦኖዎች ግን ወደ ኦፕንስትሪትማፕ መልሱ፣ ራሳችሁ ቆማችሁ ያያችሁትን ብቻ፤ ከጉግል ካርታ መገልበጥ ክልክል ነው። ካርታችሁ ጥግ ላይም ምንጩን መጥቀስ ግዴታ ነው።

ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ያላችሁም ይህን መሥራት ትችላላችሁ። እንዲያውም ትንሽ ከተማ ይቀላል፣ ሁሉንም ቦኖ በእግር መጨረስ ይቻላል። ቆላው ላይ ያላችሁ የሊትሩን ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ሙቀት ባለበት ቤት ውሃ ቶሎ ያልቃል።

ወደ ውሃ አገልግሎት ቢሮ ስትሄዱ ስልክ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። በትልቅ ወረቀት አትሙት፤ መብራትም ይጠፋል፣ ኔትወርክም ይጠፋል። መጀመሪያ የፈረቃውን ፕሮግራም ጠይቁና ከመዘገባችሁት ቀን ጋር አብራችሁ አመሳክሩ። ባለሙያዎቹ የመስመሩን ግፊት ያውቃሉ፣ እናንተ ወረፋውን ታውቃላችሁ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ በመንገድ የቀሩት ቤቶች በብዛት ያሉበት አንድ ቦታ ላይ ቦኖ ይጨመር፣ ወይም ጀሪካን የሚያድርበት ቦኖ የፈረቃ ቀኑ ይጨመርለት። መልሱን ከነቀኑ ጻፉ፣ በሚቀጥለው ወር በተመሳሳይ ሰዓት ሄዳችሁ እንደገና ለኩ።