በብረት የደረት ጡንቻን ማሳደግ

በአያትና በለገጣፎ አካባቢ ባሉ ግቢዎች፣ በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ በተሞላ ሲሚንቶ ከብረት ቱቦ ጫፎች ጋር የተያያዘ ክብደት ማየት የተለመደ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ተመዝነው እኩል እስከሆኑ ድረስ ደረትን ለማሳደግ ከጂም ብረት አያንስም።

አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባ ተንጋልሎ፣ እግርን መሬት ላይ አጽንቶ፣ የትከሻ አጥንቶችን ወደ ኋላ አቀራርቦ ከወንበሩ ጋር ማጣበቅ ይገባል። ብረቱ በ2 ሰከንድ ያህል ቀስ ብሎ ወደ ደረት መካከል ሲወርድ ክርኖች ከጎን ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ያህል ይከፈታሉ እንጂ እንደ መስቀል ሊዘረጉ አይገባም፤ እንዲህ ያለው አያያዝ ትከሻን ያስጨንቃልና። ብረቱን ደረት ላይ አንጥሮ ማንሳት፣ በእኔ እይታ፣ ለተመልካች እንጂ ለጡንቻ አይጠቅምም።

ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚነሳ ክብደት መርጦ፣ በየመካከሉ 2 ደቂቃ ያህል እያረፉ 3 ወይም 4 ዙር መሥራት፣ ይህንንም በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ 48 ሰዓት አርፎ መድገም ለጀማሪ በቂ ነው። 12ኛው ሲቀል ክብደት ይጨመራል። በጾም ወቅት ጡንቻ የሚፈልገው ፕሮቲን እንዳይጎድል ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ከወትሮው በዛ ብለው ይበሉ። የመጨረሻው ዙር ግን ራስጌ የሚቆም ረዳት ሳይኖር አይሞከርም።